ያላወቁት ሽማግሌ፣ ያወቀው ሕፃን

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የምናገረው ክሎድ ቤሪ የተባለው ፈረንሳዊ ዳይሬክተር በ1967 ለተመልካች ስላቀረበው «ሽማግሌውና ሕፃኑ» ስለተሰኘው ፊልም ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው። ታሪኩም ባጭሩ ሊነገር ይችላል፤ ጀርመኖች ፈረንሳይን በያዙበት ዘመን አንድ የስምንት ዓመት አይሁዳዊ ልጅ ከፓሪስ ወጥቶ በግሬኖብል ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ ገጠር፣ ካቶሊክ የሆኑ አረጋውያን ባልና ሚስት ዘንድ ይደበቃል። አረጋውያኑ ልጁ አይሁዳዊ መሆኑን አያውቁም። ባልየው ደግሞ አይሁዶችን አምርረው የሚጠሉ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው ልጁን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዱታል፤ አገሪቱ ነፃ ስትወጣም ወላጆቹ መጥተው ይወስዱታል።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጨረሻውን የሚያውቀው ይመስለዋል። አንድ ቀን ምስጢሩ ይወጣል፣ ሽማግሌው ይደነግጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ከዚያም ሲጠሉ የኖሩት ከንቱ ነገር እንደነበር ገብቷቸው ልጁን እቅፍ ያደርጉታል ብሎ ይጠብቃል። ቤሪ ግን ይህን ትዕይንት አልሠራውም። ምስጢሩ አይወጣም፤ ሽማግሌውም ያ የሚወዱት ልጅ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ይሸኙታል። ስለ ፊልሙ ሲነገር ብዙ ጊዜ ፍቅር ጥላቻን ያሸነፈበት ታሪክ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በፊልሙ ውስጥ ጥላቻው ፊት ለፊት ተፈትኖ የተሸነፈበት አንድም ቦታ የለምና። የኔ ሐሳብ ሌላ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ እያወቀ ደግ የሆነው ልጁ ነው። ሳያውቁ በሚደረግ ደግነትና እያወቁ በሚደረግ ደግነት መካከል ያለውን ርቀት ካላየን፣ ፊልሙንም ሆነ ከኋላው ያለውን እውነተኛ ታሪክ አጣመን እንረዳለን።

ታሪኩ የዳይሬክተሩ የራሱ ነው። ክሎድ ቤሪ በ1934 በፓሪስ ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ላንግማን ነበር፤ አባቱ ከፖላንድ፣ እናቱ ከሩማንያ የመጡ አይሁዳውያን ሲሆኑ አባቱ የሚተዳደሩት በጠጉር ልብስ ሥራ ነበር። በፊልሙ ውስጥም ልጁ ክሎድ ላንግማን ይባላል፤ ስሙን እንኳ አልሸፈነውም። ቤሪ ከዚህ በፊት አንድ ልጅ የሚወደው ዶሮ እንዳይታረድበት የሚያደርገውን ጥረት የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠርቶ ኦስካር ተሸልሞ ነበርና፣ በልጅ ዓይን የትልልቆችን ዓለም ማየት ለእርሱ እንግዳ አልነበረም። የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን ሲያዘጋጅ ግን ወደዚያ አስፈሪ ዘመን ተመለሰ፤ የሚገርመው ደግሞ በቂም ሳይሆን በናፍቆት መመለሱ ነው።

ዘመኑን ለማያውቅ ተመልካች የፊልሙ ለዛ አሳሳች ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ልበል። ፈረንሳይ በሰኔ 1940 ከተሸነፈች በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቨርዱን ጀግና ተብለው የተከበሩት ማርሻል ፔታን መንግሥታቸውን ቪሺ በተባለች ከተማ አቆሙ። ይህ መንግሥት አይሁዳውያንን ከሕዝብ አገልግሎትና ከብዙ ሙያዎች የሚያገልለውን ሕግ በጥቅምት 3 ቀን 1940 ያወጣው ጀርመኖች እስኪያስገድዱት ሳይጠብቅ ነው። በሐምሌ 16 እና 17 ቀን 1942 የፈረንሳይ ፖሊሶች በፓሪስና በአካባቢዋ 13,152 አይሁዳውያንን ከየቤታቸው አውጥተው ያዙ፤ ከእነዚህ ውስጥ 4,115ቱ ሕፃናት ነበሩ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ከፈረንሳይ ወደ ሞት ካምፖች የተጋዙት 76,000 ያህል ሲደርሱ ከመካከላቸው 11,000 የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ከተጋዙት በሕይወት የተመለሱት ከጥቂት ሺዎች አይበልጡም።

ግሬኖብልን በተመለከተ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ስሜት የሚፈጥር ነገር አለ። ከኅዳር 1942 እስከ መስከረም 1943 ያንን አካባቢ የያዘው የኢጣሊያ ጦር ነበር። በየካቲት 1937 አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝባችንን የጨፈጨፈው ያው የሙሶሊኒ መንግሥት ነው። ነገር ግን በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ የነበሩ የኢጣሊያ መኮንኖችና ዲፕሎማቶች፣ ከርኅራኄም በያዝነው ግዛት ሌላ አያዝዘንም ከሚል ኩራትም፣ አይሁዳውያንን አሳልፎ ለመስጠት እምቢ አሉ። በዚህም የተነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደዚያ ጎረፉ። በመስከረም 1943 ኢጣሊያ ከጦርነቱ ስትወጣ ጀርመኖች ቦታውን ያዙትና መጠለያ የነበረው አገር ወጥመድ ሆነ። በፊልሙ ውስጥ ክሎድ ወደ ገጠር የሚላከው ከዚህ በኋላ ነው። ሽማግሌውና ልጁ በሜዳው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ የምናየው የዋህ ትዕይንት ሁሉ የሚካሄደው፣ በዚያው ሰሞን ከግሬኖብል ብዙም ሳይርቅ ኢዚዩ በተባለች መንደር የተጠለሉ 44 ሕፃናት በሚያዝያ 6 ቀን 1944 ጌስታፖ የተባለው የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ የሊዮን ሹም በነበረው በክላውስ ባርቢ ትእዛዝ በካሚዮን ተጭነው በተወሰዱበት አገር ነው። ፊልሙ ይህን አያሳይም፤ ማወቁ የኛ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ልመለስ። ፊልሙ የሚጀምረው ክሎድ ከወላጆቹ ጋር ሳለ ነው። ልጁ እንደ ማንኛውም ልጅ ያጠፋል፤ ከሱቅ የአሻንጉሊት ታንክ ይሰርቃል፣ ይደባደባል። አባቱ ይቆጣሉ፣ ይመቱታል። ሻርል ዴኔር የሚጫወታቸው እኒህ አባት ክፉ ሰው አይደሉም፤ በፍርሃት የተንገበገቡ ሰው ናቸው። በሌላ ዘመን በቁንጥጫ የሚያልፍ የልጅ ጥፋት በዚያ ጊዜ ፖሊስ ደጅ ድረስ ያመጣል፤ ፖሊስ ከመጣ ደግሞ መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያ ከተጠየቀ ቤተሰቡ አለቀለት። ስለዚህ አባትየው ልጃቸው ላይ የሚጮኹት ልጅ መሆኑን እንዲያቆም እየለመኑት ነው። በዚህ መሐል አንዲት የሚያውቋቸው ካቶሊክ ሴት ልጁን ገጠር ለሚኖሩ አረጋውያን ወላጆቿ እንዲሰጡት ሐሳብ ታቀርባለች።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ለልጁ ይነገሩታል። የመጀመሪያው ስሙ ነው፤ ከእንግዲህ ላንግማን የለም፣ ሎንጌ ነው። ሁለተኛው ጸሎት ነው፤ «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት በቃሉ እንዲያጠና ይደረጋል፤ ሲሳሳት እየታረመ፣ ደግሞ እየጀመረ። ሦስተኛው ማንም ሰው ዕራቁቱን እንዳያየው፣ ሲታጠብም ብቻውን እንዲታጠብ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህ ሦስተኛው ትእዛዝ ለእኛ አገር ተመልካች ማብራሪያ ያስፈልገዋል። በኛ ዘንድ ወንድ ልጅን መግረዝ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም የሚያደርገው በመሆኑ ግዝረት ማንንም ከማንም አይለይም። በ1943ቷ ፈረንሳይ ግን ካቶሊኩ ገበሬ ልጁን አይገርዝም፤ ስለዚህ ሐሰተኛ ወረቀት የሚሸፍነውን ማንነት የልጁ ገላ ይመሰክርበታል። የጌስታፖ ሰዎች ወንዶችን ሱሪ እያስወለቁ የሚያጣሩትም ለዚህ ነበር። በፊልሙ ውስጥ አሮጊቷ ልጁን በደግነት፣ ሳሙናና ሙቅ ውሃ አዘጋጅተው፣ ሊያጥቡት ሲሉ እምቢ ብሎ ድርቅ ይላል። እርሳቸው ዓይን አፋር ነው ብለው ያልፉታል። ልጁ ግን በዚያች ቅጽበት ለሕይወቱ እየተከራከረ ነው፤ የሚከራከረውም ከክፉ ሰው ጋር ሳይሆን ሙቅ ውሃ ይዘው ከቆሙ ደግ ሴት ጋር ነው። በጠቅላላው ፊልም ውስጥ የዘመኑን ጭካኔ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትዕይንት ያለ አይመስለኝም።

ልጅን ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት ከፊልሙ ወጣ ብለን በነሐሴ 1942 መጨረሻ ከሊዮን አጠገብ በምትገኘው በቬኒሲዮ የሆነውን እናስታውስ። የቪሺ ፖሊስ ከአካባቢው የያዛቸውን ከአንድ ሺህ በላይ የውጭ አገር ተወላጅ አይሁዳውያን አገልግሎት በማይሰጥ የጦር ሰፈር ውስጥ ሰብስቦ ወደ ሰሜን ሊልካቸው ተዘጋጀ። የክርስቲያንና የአይሁድ ረድኤት ድርጅቶች ሠራተኞች ወደ ግቢው ገቡና፣ ያለ ወላጅ የሚገኙ ሕፃናትን ከጉዞው ነፃ የሚያደርግ ቀዳዳ በመመሪያው ውስጥ አገኙ። በአንድ ሌሊት ውስጥ እያንዳንዱን አባትና እያንዳንዷን እናት እየዞሩ፣ በልጃቸው ላይ ያላቸውን የወላጅነት ሥልጣን የሚያስተላልፉበትን ወረቀት እንዲፈርሙ ጠየቁ። አንዳንዱ ፈረመ፤ አንዳንዱ እምቢ አለ፤ እምቢ ያሉትን ማን ይወቅሳቸዋል? ሲነጋ 108 ሕፃናት በአውቶቡስ ከግቢው ወጡ። የወላጆቹ ጉዞ በፓሪስ አጠገብ ወደነበረው የድራንሲ ማጎሪያ ካምፕ፣ ከዚያም አውሽቪትዝ ወደተባለው የሞት ካምፕ ሆነ። የአካባቢው ሹም ልጆቹ ይመለሱ ብሎ ሲጠይቅ የሊዮኑ ካርዲናል ገርሊዬና ኢየሱሳዊው አባ ፒየር ሻዬ አናስረክብም አሉ። በፊልሙ ውስጥ የክሎድ እናት ልጇን ስትሸኝ ፊቷ ላይ የምናየው ነገር የዚህ ሌሊት ወንድም ነው።

ክሎድ የደረሰበት ቤት ታዲያ ምን ይመስላል? ግድግዳው ላይ የማርሻል ፔታን ምስል ተሰቅሏል። ልጁ «አባባ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ በቨርዱን ጦርነት የተዋጉ ወታደር ናቸውና ማርሻሉን እንደ አባት ያያሉ። ከሬዲዮ የሚሰሙትን የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ቃል በቃል ያምናሉ። የፈረንሳይ ጠላቶች አራት ናቸው ይላሉ፤ እንግሊዞች፣ አይሁዶች፣ ፍሪሜሶኖች የሚባሉት የምስጢር ማኅበር አባላትና ቦልሼቪኮች፣ ማለትም ኮሚኒስቶች። በሌላ በኩል ግን እኒህ ሰው ሥጋ አይበሉም። ሚስታቸው ጥንቸል እያረቡ አርደው ሲያቀርቡ እርሳቸው በቁጣ ከገበታው ይርቃሉ፤ ትናንት ሣር ያበሏትን ፍጥረት ዛሬ መብላት ለእርሳቸው ሰው እንደመብላት ነው። ኪኑ የተባለው ያረጀ ውሻቸው ከእርሳቸው ጋር ገበታ ይቀርባል፤ አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት በማንኪያ ያጎርሱታል።

ይህን የገበታ ትዕይንት ቆም ብዬ ማየት እወዳለሁ። ሽማግሌው በቀኝ እጃቸው ውሻቸውን እያጎረሱ፣ በአፋቸው አይሁዶች አገሪቱን እንዴት እንዳጠፉ ይናገራሉ፤ ከፊታቸው የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ዓይኑን ከእርሳቸው ሳይነቅል ያዳምጣል። ለእንስሳ እንዲህ የሚራሩ ሰው ለሰው ልጅ ይህን ያህል የጨከነ ቃል የሚያወጡት እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ፊልሙ መልሱን በግልጽ ያሳያል። ውሻው ያውቃቸዋል፣ ያውቁታል፤ ጥንቸሎቹንም በየቀኑ ያዩአቸዋል። አይሁዳዊ ግን በሕይወታቸው አይተው አያውቁም፤ ቢያዩም አላወቁም። የሚጠሉት ሰው የተሠራው በሬዲዮና በጋዜጣ ነው። ለዚህ ነው ርኅራኄያቸውና ጥላቻቸው አንድ ቤት ውስጥ ሳይጋጩ አብረው የሚኖሩት። እኔ እኒህን ሽማግሌ አስመሳይ ናቸው ብዬ አላምንም፤ ርኅራኄያቸው እውነተኛ ነው። አስፈሪውም እውነተኛ መሆኑ ነው፤ እውነተኛ ርኅራኄ ያለው ሰው ጥላቻን ከደጁ ያባርራል ብለን እንድንተኛ አይፈቅድልንምና።

ከዚያ ልጁ መጠየቅ ይጀምራል። አይሁድን በምን ይለዩታል? ሽማግሌው እንደ ዐዋቂ ይዘረዝራሉ፤ አፍንጫው ትልቅ ነው፣ ጠጉሩ እንዲህ ነው፣ ሽታ አለው። ልጁ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ከሰማ በኋላ የሽማግሌውን ፊት ያያል። ይህን ሚና የሚጫወተው ሚሼል ሲሞን ትልቅ አፍንጫና ሥጋማ ፊት ያለው፣ በ1895 በጄኔቫ የተወለደ አንጋፋ ተዋናይ ነው። ልጁም በዝርዝሩ መሠረት አይሁዱ እርስዎ ነዎት ይላቸዋል። ተመልካች ይስቃል፤ መሳቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ የልጅ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባናል። ክሎድ ያን የጥላቻ ዝርዝር በእጁ አገላብጦ ይመረምረዋል፤ ሽማግሌው እንዲሰጉና እንዲንተባተቡ ካደረገ በኋላም አያዋርዳቸውም፤ ወደ እቅፋቸው ይመለሳል። ስምንት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ እውነቱን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ቀደም ብዬ እያወቀ ደግ የሆነው ልጁ ነው ያልሁት ለዚህ ነው። ሽማግሌው የሚወዱት የሚያስቡትን ልጅ ነው፤ ክሎድ ሎንጌ የሚባል የካቶሊክ ልጅ። ልጁ ግን የሚወደው ሽማግሌውን እንዳሉ፣ ከነጥላቻቸው ነው። ስለ ወላጆቹና ስለ ወገኖቹ የሚሉትን በየቀኑ እየሰማ፣ ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ፣ እጃቸውን ይይዛል። ውሻቸው ሲሞት ከእርሳቸው ጋር ያዝናል። እዚያ ቤት ማን ማንን እንደሸሸገ ብትጠይቁኝ፣ ሽማግሌው ልጁን ከጀርመኖች ሸሸጉት፤ ልጁም ሽማግሌውን ከራሳቸው ቃል ሸሸጋቸው እላለሁ። የእርሱ ዝምታ በመጀመሪያ የታዘዘው ለሕይወቱ ሲል ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን፣ እኔ እንደማየው፣ ሽማግሌውን ላለማሳፈርም ሆኗል።

ቢያውቁ ኖሮ ያስጠጉት ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ቤሪ አይመልሰውም፤ ባለመመለሱም አመሰግነዋለሁ። ያስጠጉት ነበር ብሎ ቢያሳየን አጽናንቶ ይሸኘን ነበር፤ አሳልፈው ይሰጡት ነበር ቢል ደግሞ ያየነውን ፍቅር ሐሰት ያደርግብን ነበር። የምናውቀው ነገር ቢኖር ልጁ የዳነው ባለማወቃቸው ላይ ተመሥርቶ መሆኑን ነው፤ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ የቆመ ሕይወት ደግሞ በአንድ የመታጠቢያ ሰዓት ሊፈርስ ይችል ነበር።

ስለዚህ እያወቁ ወደ አዳኑት ሰዎች ልለፍ፤ ፊልሙ ለእነርሱ የሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ቦታ ግን ሰፊ ነው። ልጁን ወደ ወላጆቿ የላከችው ያቺ ካቶሊክ ሴት በጥቂት ትዕይንቶች ብቻ ትታያለች። እርሷ ግን ሁሉንም ታውቃለች፤ የልጁን ማንነት፣ የአባቷን ጥላቻ፣ ነገሩ ቢታወቅ በእርሷም በወላጆቿም ላይ የሚመጣውን ጭምር። በእውነተኛው ታሪክ ሕፃናትን ያተረፉት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ አገናኞች ናቸው። ከቬኒሲዮው ሌሊት ሠራተኞች አንዱ የነበረው ኢንጂነር ዦርዥ ጋሬል «ኦዜ» በሚል ምህጻረ ቃል ለሚታወቀው የአይሁዳውያን የሕፃናት ረድኤት ድርጅት ሥውር መረብ ዘረጋ። ይህን ሲጀምር የቱሉዙ ሊቀ ጳጳስ ሳልዬዥ የድጋፍ ደብዳቤ ሰጥተውታል፤ እኒህ ሊቀ ጳጳስ በነሐሴ 1942 አይሁዳውያንም ሰዎች ናቸው፣ በእነርሱ ላይ ሁሉም ነገር አልተፈቀደም የሚል መልእክት በሀገረ ስብከታቸው አብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ ያደረጉ ናቸው።

የመረቡ አሠራር በዝርዝር ሲታይ ደግነት ምን ያህል የቢሮ ሥራ እንደነበር ያስገነዝባል። ልጁ አዲስ ስም ያለው ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ምግብ በራሽን ስለነበር ኩፖን ያስፈልገዋል፤ ተቀባዩ ቤተሰብ ድሀ ከሆነ በየወሩ የማሳደጊያ ገንዘብ መድረስ አለበት፤ ክረምት ሲገባ ጫማና ካፖርት ይፈለጋል። ይህን ሁሉ ይዘው ከመንደር መንደር በባቡርና በብስክሌት የሚዞሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የልጁ እውነተኛ ስም የት እንደተመዘገበ የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ስሙ ከጠፋ ልጁ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ማን እንደሚመለስ አይታወቅምና። ከእነዚህ ወጣቶች አንዷ ማርያን ኮን ትባላለች። በግንቦት 31 ቀን 1944 ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ሕፃናትን ይዛ ወደ ስዊዘርላንድ ድንበር ስትጠጋ አነማስ አካባቢ ተያዘች። ጓደኞቿ እናስመልጥሽ ብለው መልእክት ሲልኩባት፣ እኔ ባመልጥ ልጆቹን ይበቀሉባቸዋል ብላ እምቢ አለች። በሐምሌ ወር ከእስር ቤት አውጥተው ገደሏት፤ ገና 21 ዓመቷ ነበር። ልጆቹ በአነማስ ከንቲባ በዣን ደፎ ጥረትም ጭምር ተረፉ። የፊልሙ ሽማግሌ የሚወደዱ ናቸው፤ የማርያን ኮን ደግነት ግን የሌላ ዓለም ነው፤ ማንን እንደምታድን፣ በምን ዋጋ እንደምታድን ታውቅ ነበር።

በጎ ሥራ ሲነገር የሚዘለል ሌላ ምዕራፍ አለ፤ ልጁን መመለስ። በፊልሙ ውስጥ የክሎድ ወላጆች በሕይወት ተርፈው ይመጣሉ፤ ሽማግሌውና ሚስታቸውም እያዘኑ ይሸኙታል። በዚያችው በግሬኖብል ግን ሌላ ዓይነት ታሪክም ተፈጽሟል። ከቪየና የተሰደዱት ዶክተር ፍሪትዝ ፊናሊና ባለቤታቸው አኒ በየካቲት 1944 ተይዘው ወደ አውሽቪትዝ ሲላኩ ሮበርትና ዤራልድ የተባሉ ሁለት ሕፃናት ልጆቻቸው በሰዎች እጅ ተረፉ። ልጆቹ በመጨረሻ የደረሱት የግሬኖብል የሕፃናት ማቆያ ኃላፊ በነበሩት በአንቷኔት ብረን ዘንድ ነው። ብረን ልጆቹን ደብቀው አሳደጉ፤ ሕይወታቸውንም ጠበቁ፤ ይህ የማይካድ ነው። የልጆቹ አክስቶች ከ1945 ጀምሮ ይመለሱልን ብለው ሲጠይቁ ግን እምቢ አሉ፤ በ1948 የካቶሊክ ጥምቀት አስጠመቋቸው። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ለዓመታት ተጓተተ፤ በ1953 መጀመሪያ ልጆቹ በቀሳውስትና በመነኮሳት እርዳታ በድብቅ ድንበር አሻግረው ስፔን ተወሰዱ፤ ፈረንሳይ ለሁለት ተከፍላ ስትከራከር ቆይታ በዚያው ዓመት በሐምሌ ከዘመዶቻቸው ጋር ወደ እስራኤል ሄዱ።

ይህን ያነሣሁት ያዳነን ሰው ለማንኳሰስ አይደለም። የፊናሊ ወንድማማቾች ጉዳይ ፊልሙ በለዘብታ የነካውን ነገር አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ልጁን የሚወድ ሰው ልጁ የነበረውን ሁሉ፣ ስሙን፣ ሃይማኖቱን፣ ሙታኑን ጭምር ካልወደደለት ወይም ቢያንስ ካላከበረለት፣ ያዳነውን ልጅ ደግሞ ሊወስድበት ይችላል። የቤሪ ሽማግሌ ከዚህ ፈተና የዳኑት ወላጆቹ በሕይወት ስለተመለሱ ነው። ባይመለሱስ? ያ ልጅ በፔታን ምስል ሥር «አባታችን ሆይ» እያለ አድጎ፣ አንድ ቀን ላንግማን መሆኑን ረስቶ ቢገኝ፣ የሽማግሌውን ፍቅር ምን እንለው ነበር? እኔ ይህን ጥያቄ ሳላነሣ ፊልሙን አይቼ መጨረስ አልችልም።

ፊልሙ የወጣበት ጊዜም ትኩረት ይገባዋል። በ1967 በፈረንሳይ በአደባባይ የሚነገረው ታሪክ በአመዛኙ የአርበኝነት ታሪክ ነበር፤ ሕዝቡ በጠቅላላ ወራሪውን እንደተቃወመ ተደርጎ ይነገር ነበር። በዚያ ወቅት ቤሪ አርበኛም ባንዳም ያልሆኑትን፣ ሬዲዮ የሚያዳምጡና ጥንቸል የሚያረቡ ተራ ሰዎችን አቀረበ። የቪሺ መንግሥት ለፈጸመው ድርጊት ፈረንሳይ ተጠያቂ መሆኗን አንድ ፕሬዚዳንት በይፋ የተናገረው ከዚያ 28 ዓመት ዘግይቶ፣ ዣክ ሺራክ በሐምሌ 16 ቀን 1995 ባደረጉት ንግግር ነው። ሚሼል ሲሞን በዚህ ሚናው በ1967 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ተቀብሏል። ልጁን የተጫወተው አለን ኮኤንም ከእርሱ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል፤ ሲያዳምጥ የሚያሳየው ፊት፣ ከሚናገረው ይልቅ፣ ፊልሙን ተሸክሞታል።

በመጨረሻ፣ ይህን ፊልም በየቤታችሁና በየማኅበራችሁ ለልጆች ለማሳየት የምታስቡ እንደምትኖሩ ስለነገራችሁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ዐሥር ዓመት ላለፈው ልጅ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ግድያም ደምም አይታይበትም። ሆኖም ከመጀመሩ በፊት በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰው ማን እንደሆነና ልጁ ለምን ብቻውን መታጠብ እንዳለበት ንገሯቸው፤ ያለዚያ የሁለት ሰዎች ወዳጅነት ብቻ አይተው ይነሣሉ። ካለቀ በኋላ ደግሞ ሽማግሌው ደግ ናቸው ወይስ ክፉ ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ ልጆች ትልልቆች የሚፈልጉትን መልስ ቶሎ ያውቃሉ። ክሎድ፣ አደጋው ካለፈና ወላጆቹ ከመጡ በኋላ እንኳ፣ እውነቱን ለሽማግሌው ያልነገራቸው ለምን ይመስላችኋል ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ሳታቋርጡ አዳምጡ። አሁን እኔም የእናንተን መልስ ለመስማት ቦታውን እለቃለሁ።